ለተፈናቀሉ ልጆች ማሳደጊያ ከመክፈታችሁ በፊት

ከዋሽንግተን፣ ከቶሮንቶ፣ ከፍራንክፈርትና ከሪያድ የሚደውሉልኝ ወገኖቼ አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ ተመሳሳይ ነገር ነው። «ገንዘብ አሰባስበናል፤ ለተፈናቀሉ ሕፃናት ማሳደጊያ መክፈት አስበናል፤ መሀል አዲስ አበባ ላይ ግቢ ፈልጊልን» ይሉኛል። እኔም በማኅበራዊ ሠራተኛነት ረጅም ዘመን ውጭ አገር ኖሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ከድካም ሥራ በኋላ በአንድ ሰው ሳሎን ተሰብስቦ ከኪራይና ከልጆች ወጪ የተረፈውን ማዋጣት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ገንዘቡ ተለፍቶበታልና መልሴን ሳላድበሰብስ ልስጥ፤ ማሳደጊያ አትክፈቱ። ያንኑ ገንዘብ ልጆቹ ከእናታቸው፣ ከአያታቸው ወይም ከታላቅ እኅታቸው ጋር በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ እንዲያድጉ አውሉት።

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር ውረዱ፤ ከዚያም እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ሂዱ። በእግረኛው መንገድ ዳር፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ በመስጊዱ ደጃፍ ነጠላዋን አንጥፋ ልጅ ያስተኛች ሴት ታያላችሁ። አንዱ ልጅ ጡት ይጠባል፤ ሌላው ካርቶን ላይ ተኝቷል፤ ትልቋ ልጅ ደግሞ ማስቲካና ሶፍት ይዛ በመኪናዎች መካከል ትሮጣለች። መንገደኛው የሚያየው የተራቡ ልጆችን ነው፤ የማሳደጊያው ሐሳብም የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል። እነዚህ ልጆች ግን እናት አላቸው። ከእሳትና ከጥይት አውጥታ እዚህ ያደረሰቻቸውም እሷው ናት። ያጣችው ቤት፣ ወረቀትና ሥራ ነው። ማንም የሌላቸው፣ ብቻቸውን ጎዳና የሚያድሩ ልጆች መኖራቸውን ዘንግቼ አይደለም፤ የእነሱ ጉዳይ የራሱ ሙያ ስለሚፈልግ እዚህ አልገባበትም። እኔ መሀል ከተማ የማገኛቸው የተፈናቀሉ ልጆች አብዛኞቹ ከቤተሰባቸው ጋር ናቸው።

የመጡበትን ታውቃላችሁ። በ2010 ዓ.ም. ከጌዴኦና ከምዕራብ ጉጂ የተፈናቀለው ሕዝብ ብዛት ዓለምን አስደንግጦ ነበር። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት ትግራይን፣ አማራንና አፋርን አመሰ፤ መተከልና ወለጋም አልተረፉም። እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በኢትዮጵያ በግጭት የተነሳ ከ5 ሚሊዮን በላይ አዲስ መፈናቀል ተመዝግቧል፤ እስከዚያ ድረስ በአንድ አገር፣ በአንድ ዓመት ያልታየ ቁጥር ነበር። በዚያ ላይ የቦረና ድርቅ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ የደረሰው የመሬት መንሸራተት፣ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ተጨመረ። ከእነዚህ ቤተሰቦች ብዙዎቹ መጀመሪያ ወደ ቅርብ ከተማ ነው የሚሸሹት። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እዚያ ባለው መጠለያ ወራት ወይም ዓመታት ቆይተው የሚመጡ አሉ። አንዷ ልጇ ታሞ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎለት ይዛው መጥታ እዚሁ ቀርታለች። ሌላዋ ዘመድ አለኝ ብላ መጥታ ዘመዱን አላገኘችውም።

መጠለያ ውስጥ ያለ ሰው፣ ኑሮው ምንም ቢከፋ፣ ስሙ ቢያንስ በአንድ ዝርዝር ላይ ተጽፏል። ስንዴ ሲመጣ ይጠራል። መሀል አዲስ አበባ የገባች እናት ግን ከተፈናቃዮች ዝርዝር ወጥታለች፤ ወደ ከተማው ነዋሪዎች ዝርዝር ደግሞ አልገባችም። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው እሷንና ልጆቿን ጎዳና ላይ ያስቀመጣቸው። ቀድሞ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች በፒያሳና በካዛንቺስ የቀበሌ ቤቶች ጓሮ በርካሽ ይከራዩ ወይም በደባልነት ይጠጉ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱና በመልሶ ማልማቱ እነዚያ ሰፈሮች ፈርሰዋል፤ ሕጋዊ ነዋሪዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውረዋል። በጓሮ የነበረው ደባል ግን ተተኪ ቤት የሚያሰጥ ሰነድ አልነበረውም። ከዓመታት በፊት የምታውቋትን ፒያሳ በልባችሁ ይዛችሁ ዕቅድ የምታወጡ ወገኖቼ ይህን አስቡበት። ዛሬ መሀል ከተማ ለድሃ ቤተሰብ የሚከራይ ክፍል ማግኘት እጅግ ከባድ ነው፤ ቤቱን ራቅ ብለን ስንከራይ ደግሞ የትራንስፖርት ወጪው ከዕርዳታው ጋር መታሰብ አለበት።

ከቤቱም በፊት ወረቀቱ ይመጣል። በአዲስ አበባ አንድ ወረዳ የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞው ቀበሌ የተጻፈ መሸኛ ይጠየቃል። የዚያች እናት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተቃጥሎ ከሆነስ? ሊቀመንበሩ ራሱ ተፈናቅሎ ከሆነስ? መንገዱ ተዘግቶ ከሆነስ? መታወቂያ ከሌላት በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የሚጠይቀውን በጽሑፍ የሆነና የተመዘገበ ውል መፈራረም ያቅታታል። ስለዚህ ያለ ውል ትከራያለች፤ ያለ ውል የተከራየች ደግሞ በማንኛውም ቀን ውጪ ትባላለች። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ውስጥ መግባት ያስቸግራታል፤ ልጇን ትምህርት ቤት ስታስመዘግብ የቀድሞውን ትምህርት ቤት መሸኛና የልደት ምስክር ወረቀት አምጪ ትባላለች። ትምህርት ቤቱ ከነመዝገቡ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ መፍትሔ የለውም ማለት ግን አይደለም። ኢትዮጵያ በአፍሪካ የአገር ውስጥ ተፈናቃዮችን ለመጠበቅና ለመርዳት የወጣውን የካምፓላ ስምምነት በ2012 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ስምምነቱ መንግሥት ለተፈናቃዮች መታወቂያና የልደት ምስክር ወረቀት እንዲሰጥ በግልጽ ያዝዛል። ብዙ የወረዳ ሠራተኞች ይህን የሚጠቅስ ሰው አጋጥሟቸው አያውቅም፤ በአክብሮት ሲነገራቸው ግን የሚሰሙ አሉ። ፋይዳ ዲጂታል መታወቂያም ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር የሚመዘገብበት መንገድ አለው፤ የነዋሪነት መታወቂያን ባይተካም የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ይጠቅማል። ለትምህርት ቤቱ ደግሞ ልጁ በፈተና ደረጃው ተለይቶ እንዲገባ ርዕሰ መምህሩን ማነጋገር ይቻላል። በአፋን ኦሮሞ ሲማር የመጣ ልጅ በአማርኛ ከመጀመሪያ ክፍል እንዲጀምር መገደድ የለበትም፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉ።

እዚህ ላይ ነው ገንዘባችሁ የት መዋል እንዳለበት የሚታየው። ይህን ሁሉ የምታደርገው ቤተሰቦቹን የምትከታተል አንዲት ሠራተኛ ናት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እናትየዋን ይዛ ወረዳ ትሄዳለች፤ ከሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወደ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ፣ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ትመላለሳለች፤ ደብረ ብርሃን ወዳለው መጠለያ ደውላ ከአንድ ቀበሌ የመጡ ምስክሮችን ታፈላልጋለች። «ነገ ተመለሱ» ስትባል ነገም ትመለሳለች። ብቻዋን ብትሄድ በሩ ላይ የምትመለሰው እናት እሷ አብራት ስትቆም ወንበር ይሰጣታል። የዚህችን ባለሙያ ደመወዝ «የአስተዳደር ወጪ ነው፤ እኛ ዕርዳታችን መቶ በመቶ ለድሃው ነው የሚደርሰው» እያላችሁ አትቁረጡት። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የበጎ አድራጎት ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ልኩ ይህ ነው። ከቀድሞው ሕግ በተለየ ግን ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ወጪ የአስተዳደር ወጪ ተብሎ አይቆጠርም። ቤተሰብ የምትከታተለው ሠራተኛ ዋናው ዕርዳታ ራሷ ናት። ለመቶ ካርቶን ፓስታ የምታወጡትን ለአንዲት እንዲህ ላለች ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ ብታደርጉት የሚለወጠውን ነገር በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ከወረቀቱ ጎን ለጎን ኪራዩ ይመጣል። በአራዳ ክፍለ ከተማ ያገኘናት፣ ሦስት ልጆች ይዛ ከወለጋ የመጣች አንዲት እናት የመጀመሪያ ቀን «ኪራዩን ቻሉልኝ እንጂ እንጀራውን እኔ አላጣውም» አለችኝ። ይህን ቃል በተለያየ አነጋገር ከብዙ ሴቶች ሰምቼዋለሁ። ጎዳና ላይ ያለች እናት ልጆቿን ትታ ሥራ መሄድ አትችልም፤ በር የሚዘጋበት ክፍል ስታገኝ ግን ልብስ አጠባው፣ ተመላላሽ ሠራተኝነቱ፣ ጉልቱ፣ እንጀራ ጋገራው ሁሉ ይከፈትላታል። ስለዚህ ቅድሚያ ለኪራይ ስጡ። ብሩን በአከራዩ የባንክ ሒሳብ በየወሩ ይግባ። ከመቸኮል የዓመት ኪራይ በአንድ ጊዜ የምትልኩ አላችሁ፤ ተዉት። ሕጉ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ እንዲጠይቅ አይፈቅድም፤ ውሉም ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን ያዝዛል፤ ጭማሪ ቢኖር በዓመት አንድ ጊዜ በሚወሰነው ልክ ብቻ ነው። ውሉ በእናትየዋ ስም ይሁን። በድርጅቱ ስም ከሆነ ዕርዳታው ያበቃ ቀን ቤቷም ያበቃል።

የሚረሳው ነገር የሕፃናት ማቆያ ነው፤ እኔ ከሁሉም ይበልጥ የምለምናችሁ ለዚህ ነው። የስምንት ወር ልጅ የያዘችን እናት ለሥራ የሚቀጥራት የለም። የመሥሪያ ካፒታል ሰጥታችኋት ልጁ ጀርባዋ ላይ ከሆነ እንጀራው ይቃጠላል፤ ልጁም ከምጣዱ አጠገብ ነው። ከተማ አስተዳደሩ የሕፃናት ማቆያዎችን እያስፋፋ ቢሆንም መታወቂያ ለሌላት እናት በሩ ጠባብ ነው። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ አራት አምስት ቤተሰቦችን አሰባስቦ፣ ከመካከላቸው አንዷን አሠልጥኖና ደመወዝ ከፍሎ፣ አንድ ክፍል ተከራይቶ ልጆቹን ቀን ቀን የሚያቆይ ነገር ማቋቋም ይቻላል። ወተት፣ ፍራሽ፣ ጥቂት መጫወቻ፣ ንጹሕ ውኃ፣ በየወሩ የልጆቹን ክብደት የምትለካ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፤ ይህ ነው የሚያስፈልገው። ለአንድ ማሳደጊያ ግቢ ኪራይ፣ ለዘበኛና ለምግብ አብሳይ በሚወጣው ገንዘብ እንዲህ ያሉ ክፍሎችን በየሰፈሩ መክፈት ይቻላል። ልጆቹም ማታ ማታ ከእናታቸው ጉያ ያድራሉ።

ለምን ያህል ጊዜ? ዓመት ተኩል ያዙ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ኪራዩና አስቤዛው በሙሉ ይቻላል፤ ወረቀቱም በዚያው ጊዜ ይያዛል። እናትየዋ ሥራ ስትጀምር የኪራይ ድጋፉ በግማሽ ይቀንሳል፤ እቁብ ትገባለች፤ ከዚያ እየቀነሰ ይወጣል። ለሦስት ወር ብቻ ቃል ገብታችሁ የምታቋርጡ ከሆነ አትጀምሩት። ቤት ገብተው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ለምደው፣ በአራተኛው ወር ወደ ጎዳና መመለስ መጀመሪያ ከደረሰባቸው ይብሳል፤ ልጆቹ በሰው ቃል ማመን ያቆማሉ። አቅሙ አነስተኛ ከሆነ ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ቤተሰብ ያዙ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ስለ ወቅቱም ልንገራችሁ። እናንተ የምትሰጡት ለገና፣ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ነው። ቤተሰቦቹ የሚሰበሩት ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ይመገባሉ፤ ዩኒፎርምና ደብተርም በከተማው ይቀርባል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ምገባው ይቆማል። ዝናቡ የግንባታውን የቀን ሥራ ያዳክማል፤ ጉልት የምትቸረችረዋ እናት ዕቃዋ ይበሰብስባታል፤ ሕፃናቱ በብርድ ይታመማሉ። ገቢ ሲጠፋና ወጪ ሲጨምር ኪራዩ ሳይከፈል ያልፋል። ስለዚህ በመስከረም የትምህርት ቤት ቦርሳ የማደል ሥነ ሥርዓት ከምታዘጋጁ፣ ያንኑ ገንዘብ ለክረምት ምግብ፣ ለብርድ ልብስ፣ ለልጆች ጫማ፣ ለደረሱ ልጃገረዶች የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ አድርጉት። በአንድ ቀን ብዙ ሰው ማብላትም እንዲሁ ነው፤ መባረኩን አልክድም፤ ነገር ግን በከተማዋ በየቀኑ የሚያበሉ የተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከላት አሉ። ሌላው የማይሸፍነውን ፈልጉና ሸፍኑ።

ወደ ማሳደጊያው ልመለስ፤ የምትከራከሩኝ ብዙ ናችሁና። «አበበች ጎበና ያደረጉት ምንድን ነው ታዲያ?» ትሉኛላችሁ። እኚህ እናት እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ወሎ ሄደው በረሃብ የወደቀውን ሰው አይተው ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ፤ ልጆቹ ሲበዙ ትዳራቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ኖሩ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ስንት ሰው እንዳሳደጉ አገር ያውቃል። ያነሷቸው ግን ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ልጆች ነበር፤ አብረዋቸውም ኖረዋል። ድርጅታቸውም ከማሳደጊያው አልፎ እናቶችን ወደ መደገፍና ገቢ ማስገኛ ወደ ማስጀመር ሰፍቷል። እናንተ ግን በዓመት አንዴ እየመጣችሁ የምታዩት ግቢ ነው የምትከፍቱት።

ግቢ ከተከፈተ አልጋው መሙላት አለበት። ሦስት ጊዜ የሚበላበት፣ ትምህርት የሚሰጥበት ቤት ተከፈተ የሚል ወሬ ጎዳና ላይ ያለች እናት ጆሮ ሲደርስ ልጇን እያለቀሰች ታስረክባለች፤ ለልጇ የተሻለውን መምረጧ ነው። እንዲህ ነው እናት ያለው ልጅ ወላጅ አልባ ተብሎ የሚመዘገበው። ይህን በጉዲፈቻው ዘመን አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ በጉዲፈቻ የሄዱት ሕፃናት ከ2,000 በላይ ነበሩ፤ ከሄዱት መካከል ወላጆቻቸው በሕይወት ያሉ እንደነበሩ በኋላ ታውቋል። በእኛ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለውጭ አገር ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠትን በሕግ ያስቆመውም ከብዙ እንባ በኋላ ነው። ዛሬ በዋሽንግተንና በሚኒሶታ እናታቸውን የሚፈልጉ ወጣቶች ከመካከላችሁ አሉ፤ እነሱን ጠይቋቸው።

በዚሁ መሀል ከተማ ከእኛ በፊት የሠሩ ሰዎች ያሳዩን ሌላ መንገድ አለ። ሲስተር ጀምበር ተፈራ በደርግ ዘመን ከታሰሩበት ከተፈቱ በኋላ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለአዲስ አበባ ድሃ መንደሮች ነው። ቤት ጥገናውን፣ መጸዳጃውን፣ ጤናውንና ገቢውን ሳይነጣጥሉ፣ ነዋሪውን አማክረው ይሠሩ ነበር። እድሮችም እንዲሁ፤ ኤችአይቪ በበረታበት ጊዜ ከቀብር አልፈው ወላጅ ያጡ ልጆችን በየሰፈራቸው ደግፈዋል። የሰፈር እድር ማን የት እንደሚያድር፣ ማን በእውነት እንደተቸገረ ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ሊቀመንበሩ ለአንዲት እናት ሲመሰክርላት አከራዩም፣ ወረዳውም ያምናል። ተፈናቃይዋን የእድር አባል ማድረግ ራሱ ትልቅ ዕርዳታ ነው፤ ብትታመም ጠያቂ ታገኛለች።

ዕቃ ስለ መላክ አጭር ምክር አለኝ፤ ኮንቴይነር አትላኩ። ያገለገለ ልብስ ጉምሩክ ላይ ያስቸግራል፤ የማስመጫው ወጪ መርካቶ ላይ አዲስ ልብስ ይገዛል። መድኃኒት ያለ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አይገባም፤ ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበውን ደግሞ አስወጋጁም እኛው እንሆናለን። በሻንጣችሁ ማምጣት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለአንድ ልጅ የመስሚያ መሣሪያ ባትሪ ከመቶ ቲሸርት ይበልጣል።

ገንዘቡን በባንክ ላኩ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 100 ዶላር በባንክ ወደ 5,700 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ11,000 ብር አልፏል። ይህን አይታችሁ «ዕጥፍ ሆኗልና ግማሹ ይበቃል» ብላችሁ የቀነሳችሁ አላችሁ፤ እባካችሁ መልሱት። ዘይቱም፣ ጤፉም፣ ኪራዩም አብሮ ወጥቷል።

ከማን ጋር ትሠሩ? በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበበትን ምስክር ወረቀትና የመጨረሻውን የኦዲት ሪፖርት ጠይቁ። የባንክ ሒሳቡ በድርጅቱ ስም፣ በሁለት ፈራሚ የሚንቀሳቀስ ይሁን። ከሁሉ በላይ ግን «ካቻምና የረዳችኋቸው ቤተሰቦች ዛሬ የት ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትሠራ ድርጅት ይህን ትመልሳለች፤ አንዷ ቤት ለቅቃ ጠፋችብን፣ አንዷ ወደ አገሯ ተመለሰች፣ ሦስቱ ራሳቸውን ችለዋል ትላችኋለች። ሁሉም ተሳክቶልናል የሚላችሁን ተጠራጠሩ። ወንድማችሁን ወይም የአክስታችሁን ልጅ ሥራ አስኪያጅ አታድርጉ። ዘመዳችሁ ታማኝ ቢሆን እንኳ ይሉኝታ ሒሳብ እንዳትጠይቁት ያስራችኋል፤ ሒሳብ ያልተጠየቀበት ሥራ ደግሞ ቤተሰቡንም፣ ዕርዳታውንም ይበትናል።

ፎቶግራፍ። ይህን የምለው ተቆጥቼ ነው። አንጀት የሚበላ የሕፃን ፊት ከነስሙና ከነመጣበት ቀበሌ በቲክቶክ ታሠራጫላችሁ። ያ ልጅ የተሸሸገው ከሚያሳድደው ሰው ሊሆን ይችላል። አባቱ በአንዱ ወገን ሲዋጋ የሞተ፣ እናቱ በሌላው ወገን የምትፈለግ ሊሆን ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ፤ ሕጉ ባይኖርም እንኳ የእናንተን ልጅ የትምህርት ቤቱ መምህር ሳያስፈቅድ ፎቶ ቢያነሳው ምን እንደምትሉ ታውቃላችሁ። ገንዘብ ለማሰባሰብ የኪራይ ውሉን ኮፒ፣ የተከፈለበትን ደረሰኝ፣ የማቆያውን ክፍል አሳዩ። የሚሰጥ ሰው በዚህም ይሰጣል።

«ከየትኛው ብሔር ናቸው?» የሚል ጥያቄም ይመጣል፤ አንዳንዶቻችሁ ለእናንተ ወገን ብቻ እንዲሆን በጽሑፍ ጭምር ትጠይቃላችሁ። የሀዘናችሁን መነሻ እረዳለሁ፤ ቤተሰቡ ያለቀበት ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው የራሱን ነው። ነገር ግን እኛ በምንከራይበት አንድ ግቢ የትግራይ፣ የጌዴኦና የወሎ እናት ከአንድ ቧንቧ ይቀዳሉ፤ አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ገንፎ ታገነፋላታለች። ከሦስቱ አንዷን መርጣችሁ ኪራይ ስትከፍሉ በዚያ ግቢ ምን እንደምትዘሩ አስቡ። እኔ በዚህ ቅድመ ሁኔታ የመጣ ገንዘብ አልቀበልም፤ ሌሎችም እንዳይቀበሉ እመክራለሁ።

ለእረፍት ስትመጡ ቤተሰቦቹን መጎብኘት መፈለጋችሁ ተገቢ ነው። አስር ሆናችሁ አትምጡ፤ አንድ ወይም ሁለት ሆናችሁ፣ ከምትከታተላቸው ሠራተኛ ጋር፣ እናትየዋ በፈቀደችበት ሰዓት ኑ። ቡና ካፈላች ጠጡላት፤ አስተናጋጅ መሆን ክብሯ ነው። ለልጆቹ «አሜሪካ እወስድሻለሁ» አትበሉ፤ ለቀልድም ቢሆን። በእጃችሁ ገንዘብ አትስጡ፤ ጎረቤቷ አይታ ነገ ኪራይ ይጨመርባታል። ከዚያ ይልቅ አንድ ጠዋት ከሠራተኛዋ ጋር ወረዳ ሄዳችሁ ወረፋ ያዙ፤ ከየትኛውም ሪፖርት ይበልጥ የሚያስረዳችሁ እሱ ነው።

ይህን የጻፍኩት እኔ ላለሁበት ማኅበር ገንዘብ ለማሰባሰብ አይደለም፤ ከምታምኑት ከማንም ጋር ሥሩ። ከሰሞኑ ቤተሰብ ለመያዝ የወሰናችሁ ግን የመጀመሪያውን ገንዘብ ከሰኔ አጋማሽ በፊት አድርሱ። ሐምሌ ከገባ ዝናቡ ይበረታል፤ ቤት መፈለጉም ያስቸግራል። የትምህርት ቤት ምዝገባም ክረምቱ ውስጥ ስለሚያልፍ ከዚያ በፊት የልጆቹ ወረቀት መጀመር አለበት።